የጋሽ ደምሴ ቋጠሮ

በዚያ ቅዳሜ ምንጩ ዳር የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። ልጄ ሂሩት፤ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች መሪ ወንድም ጌታሁን። ያን የሚባል፣ ናይሮቢ ጊጊሪ ሰፈር የሚኖር፣ የከርሰ ምድር ውሃ የሚያጠና ሆላንዳዊ። የያን ሾፌር ሙቱዋ፤ ትውልዱ እዚያው ምንጩ አካባቢ የሆነ የካምባ ጎሳ ሰው። ገመድ ያዥዋ እኔ፣ አስካለ። ስድስተኛው ጋሽ ደምሴ ነው።

ስድስታችንን ደጋግሜ የምቆጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሙቱዋ ሞቷል፤ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ። ያን አገሩ ገብቶ አርጅቷል፤ ለገና ካርድ ይልክልናል። ወንድም ጌታሁን ዛሬ ፓስተር ሆኗል፤ እዚሁ ናይሮቢ ነው። ሂሩት ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። እኔም ይኸው አለሁ። ጋሽ ደምሴ የት እንዳለ ግን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

ያልጠየቅሁት አበሻ የለም። አንዱ "ሞምባሳ ወደብ ላይ አይቼዋለሁ" ይለኛል። መቼ? ስለው "ቆየ እንጂ" ይላል። ቆየ ማለት ስንት ነው? አንዷ አውስትራሊያ ገብቷል አለችኝ። ማን ነገረሽ? ስላት የነገራትን ሰው ረሳችው። ሌላው ደግሞ ሻዩን እያማሰለ፣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚነግር ሰው፣ "እሱ እኮ ሞቷል" አለኝ። የት ሞተ? ማን ቀበረው? "እንግዲህ እንደዚያ ሲባል ነው የሰማሁት።" ራሴን እያመመኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ይህን ያህል ሰው በሚያውቀው ከተማ አንድ ሰው እንዲህ በቀላሉ ይጠፋል?

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። መጻፍ ሥራዬ አይደለም። ይህን የምጽፈው ልጄ ጻፊ ስላለችኝ ነው። ለምን እንዳለችኝ ኋላ እደርስበታለሁ።

ጋሽ ደምሴን ያወቅሁት እዚህ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ላይ ነው። ያኔ ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጓሮ ባለች የሠራተኛ ክፍል ከሂሩት ጋር እኖር ነበር። የምተዳደረው የሰው ልብስ በማጠብ ነው። የሂሩት አባት ከጦርነቱ አልተመለሰም፤ ያለን እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አንድ ቀን የልብስ እስር ጣሪያው ላይ አስጭኜ ስቀመጥ፣ ከፊቴ የነበረ ረጅም ጠይም ሰው ወርዶ ጣሪያው ላይ ወጣ። እስሬን ይፈታል።

"አንተ! ዕቃዬን!" ብዬ ጮህኩ።

"ይህን ያሰርሽው አንቺ ነሽ?" አለኝ ከላይ ሆኖ በአማርኛ።

"እኔ ነኝ። አበሻ መሆኔን በምን አወቅህ?"

"በቋጠሮሽ። አበሻ ድርብ አድርጎ ያስራል። ከዚያ ይጠራጠርና ሦስተኛ ይጨምራል። ሦስቱም መንገድ ላይ ይፈታሉ።"

ረዳቱ "ትዌንዴ ምዜ! ትዌንዴ!"፣ እንሂድ አባቴ፣ እያለ የመኪናውን ጎን ይደበድባል። ተሳፋሪው ሁሉ ያጉረመርማል። እሱ ማንንም አልሰማም። እንደገና አስሮ፣ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ወረደና ቦታው ተቀመጠ። ስሙን እንኳ አልነገረኝም። እኔ አፍሬ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ቤቴ ስደርስ ግን ያንን ቋጠሮ አንድ ጫፍ ብስበው ወዲያው ተከፈተ። በኋላ ስንግባባ የነገረኝ ይህንኑ ነው። ጥሩ ቋጠሮ ሲጎትቱት ይጠብቃል፤ ሲፈልጉት ይከፈታል።

በአገራችን ባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር። ምፅዋ ላይ ከመርከብ ሆድ ሥር እየገባ የተበላሸውን ይጠግን ነበር። ባሕር ኃይሉ ሲበተን በየአገሩ ተንከራትቶ ናይሮቢ ደረሰ፤ ባሕር ከሌለበት ከተማ። ስለ ጦርነቱ ጠይቄው መልሶልኝ አያውቅም። እንጀራው የመዋኛ ገንዳ ማጽዳት ሆነ፤ ጊጊሪና ኪሌሌሽዋ፣ የፈረንጆች ግቢ። "ባሕሬ አሥር ሜትር በአምስት ሆኗል" ይል ነበር። "ሰማያዊ ቀለም ቀብተውልኛል፣ ምን ጎደለኝ።"

ዕድሜያችን ተቀራራቢ ስለሆነ አንተ እለው ነበር፤ ግን ከተማው ሁሉ ጋሽ ደምሴ ስለሚለው እኔም ጋሽ ደምሴ ነው የምለው። ልማዶች ነበሩት። ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ይነካና ይቀምሳል። መድኃኒት የተጨመረበትን የገንዳ ውሃ እንኳ ይቀምሰዋል። እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ይቆማል፤ ግባ ሲሉት "ከውጭም ይሰማል" ይላል። ሕፃናቱ ሲወጡ እያንዳንዱን አስቁሞ የጫማቸውን ማሰሪያ ፈትቶ እንደገና ያስርላቸዋል። ልጆቹ እሱ ዘንድ ለመሄድ ሆን ብለው ማሰሪያቸውን ይፈቱ ነበር። ግራ ጆሮው በደንብ ስለማይሰማ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፤ ያኔ ተናጋሪው ትልቅ ነገር የተናገረ ይመስለዋል።

ሆላንዳዊው ያን በራሱ ገንዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች እንዲያስተምር ለጋሽ ደምሴ ፈቀደለት። ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ስምንት ያህል ጀመሩ። ብርዱን ሲያዩ አንድ በአንድ ቀሩ። እስከ መጨረሻው የቀጠለችው ሂሩት ናት። ከውሃ ላይ ዋና ወደ ውሃ ሥር ዋና፣ ከዚያ በጀርባ አየር ተሸክሞ ወደ መጥለቅ ገባች። "ልጅሽ ከውሃ ጋር አትጣላም" አለኝ አንድ ቀን። "ብዙ ሰው ውሃን ይደበድበዋል። እሷ ታስፈቅደዋለች።"

እኔ ፎጣ ታቅፌ ገንዳው ዳር ነኝ። "ሂሩት! ውጪ! ከንፈርሽ ጠቁሯል!"

"ማሚ ፕሊዝ! አታሳፍሪኝ!"

"ኋላ ሳንባሽን ሲይዝሽ ማን ያስታምምሻል?"

"ጋሼ፣ ንገራት በናትህ!"

ሌሎቹ እናቶች ይስቁብኛል። የሰው ፍርሃት እንደሚያስቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እሱ ግን አንድ ቀንም አልሳቀም።

የምንጩ ነገር የመጣው ከያን ነው። በሞምባሳ መንገድ ከኪብዌዚ ከተማ ወዲያ፣ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር የሚወጣ ምንጭ አለ፤ ውሃው የሚወጣበት ዋሻ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሄድ ማየት ፈለገ። ጋሽ ደምሴ አብሮት ይገባል። ሂሩት ደግሞ ይህን ሰምታ ዕረፍት ነሳችኝ። ሦስት ሳምንት እንቢ አልኩ። ውሃ አንድ ነገር፣ ዋሻ አንድ ነገር፤ ዋሻ ውስጥ ያለ ውሃ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?

በአራተኛው ሳምንት ጋሽ ደምሴ ገመድ በትከሻው አንጠልጥሎ ጓሮዬ መጣ። ገና ሲገባ ልብስ የማሰጣበትን ገመድ አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

"ይሄ ስንት ጊዜ ይወድቅብሻል?"

"በሳምንት አንዴ።"

ፈትቶ፣ አንዱን ጫፍ ከአቮካዶው ዛፍ፣ ሌላውን ከብረቱ አሰረው። ከዚያ ያመጣውን ገመድ ጫፍ እጄ ላይ አስቀመጠ።

"ዓይንሽን ጨፍኚ። እኔ ከቤቱ ኋላ ሆኜ እስባለሁ። አንድ ጊዜ ከሆነ ደህና ነን ማለት ነው፤ አንቺም አንድ ትመልሻለሽ። ሁለት ከሆነ ገመድ ጨምሪ። እኛ ስንመለስ ደግሞ እየላላ ይመጣል፤ እየሰበሰብሽ ትቀበይዋለሽ። ሦስት ከሆነ ሳቢ። ሦስት ስትሰሚ አትጠይቂ፣ አታስቢ፣ ሳቢ።"

ግቢውን ዞሮ ሄደ። ቆሜ ጠበቅሁ። ዝንብ ያረፈች ያህል ነካው።

"ሁለት!" አልኩ።

"እሺ!" አለ ከወዲያ። ደግሞ ነካው።

"አንድ! ደህና ናችሁ!"

የጎረቤት ሠራተኛ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ "ማማ ሂሩት፣ ዓሣ ይዞልሻል?" እያለች ትስቅብኛለች። ሃያ ጊዜ ያህል ሞከረኝ፤ አንዱንም አልሳትኩም። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር።

"ለምን ዛፍ ላይ አታስረውም ታዲያ?" አልኩት።

"ዛፍ አይሰማም" አለኝ። "ደፋር ሰውም አይሰማም። ደፋር ሰው ገመድ ይዞ ወሬ ያወራል። አንቺ ልጅሽ እዚያ ውስጥ እያለች ምራቅሽን እንኳ አትውጪም። እንዳንቺ ያለ ገመድ ያዥ ባሕር ኃይል ውስጥም አላገኘሁ።"

በሕይወቴ ፍርሃቴን ያመሰገነልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። እሺ ያልኩት በዚያ ነው። ገመዱ በእኔ እጅ እስካለ ድረስ ልጄም በእጄ ናት ብዬ ነው።

ቅዳሜ በማለዳ ተነሥተን ረፋዱ ላይ ደረስን። በዚያ ሁሉ ደረቅ አገር መሃል፣ በትልልቅ ሾላዎች ጥላ ሥር፣ ውሃው ዝም ብሎ ከድንጋይ ይወጣል። ታቹ ያለው አሸዋ ሳህን ላይ እንዳለ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። ከአለቱ ሥር ጥቁር አፍ አለ፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ።

"ሙቱዋ፣ አዞስ?" አልኩ።

"ሃኩና ማምባ፣ ማማ። እዚህ አዞ የለም።"

"ጉማሬስ?"

"ታች ነው፣ ሩቅ።"

"ሩቅ ማለት?"

ሙቱዋ ጋሽ ደምሴን አየው። ጋሽ ደምሴ "ፖሌ ፖሌ ሙቱዋ፣ ቀስ በል፤ ገና ስለ እባብ አልጠየቀችህም" አለው። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ውሃውን ቀመሰ። "ይሄ ውሃ ብዙ ዓመት ተራራው ሥር ተኝቶ ነው የመጣው" አለ። "አልተቸኮለበትም።"

መጀመሪያ ጋሽ ደምሴና ያን ገቡ። ገመዱ ከጋሽ ደምሴ ወገብ ታስሮ ጫፉ እኔ ዘንድ ነው። አንድ ሲል አንድ መለስኩ፤ ሁለት ሲል ጨመርኩ፤ ሲመለሱ እየሰበሰብኩ ተቀበልኳቸው። ያን ጭንቅላቱን ሲያወጣ እንደ ሕፃን ይጮህ ነበር፤ ውስጡ አዳራሽ ያህላል አለ። ዕረፍት አደረጉ። ቀጥሎ የሂሩት ተራ ሆነ፤ እስከ አዳራሹ በር ብቻ። ጋሽ ደምሴ አየሯን ሁለት ጊዜ አየ። የሁልጊዜ ሕጉን አስደገማት፤ ከአየሩ አንድ ሦስተኛው ለመግቢያ፣ አንድ ሦስተኛው ለመውጫ፣ ሦስተኛው ለማላውቀው ነገር። የእሷን ወገብ በአጭር ገመድ ከራሱ ጋር አያይዞ፣ ወደ እኔ ዞሮ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

"ከእጅሽ እንዳይወጣ።"

"አይወጣም" አልኩ።

ሆላንዳዊው የዋሻውን ልክ ማስታወሻው ላይ ሊጽፍ ወደ መኪናው ወጣ። ምንጩ ዳር እኔ፣ ወንድም ጌታሁንና ሙቱዋ ቀረን። ገመዱ ሁለት አለ፤ ጨመርኩ። አንድ አለ፤ መለስኩ። ከዚያ ዝም አለ። ገመዱን በሁለት እጄ ጨብጬ ደረቴ ላይ አጣበቅሁት።

ወንድም ጌታሁን አየኝ። "እህት አስካለ፣ እንዲህማ አትሁኚ። እንጸልይ። ሙቱዋ፣ ካሪቡ፣ አንተም ና።"

"ጸልይልኝ፤ እኔ ገመድ ይዣለሁ" አልኩት።

"ሁለት ደቂቃ ነው። እጅ ለእጅ እንያያዝ።"

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስንጸልይ እጅ ለእጅ እንያያዛለን። እጁን የነፈገ ሰው ቂም የያዘ ይመስላል። እኔ ደግሞ ሌላም አፈርኩ፤ ከእግዚአብሔር ይልቅ በገመድ ታምናለች እንዳይለኝ። ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል። አጠገቤ ከመሬት የወጣ የሾላ ሥር ነበር። ገመዱን እሱ ላይ ድርብ አድርጌ አሰርኩት። ከዚያ ተጠራጠርኩና ሦስተኛ ጨመርኩ።

ሁለት ደቂቃ አልሆነም። ወንድም ጌታሁን ለጠላቂዎቹ ጸለየ። ከዚያ ለያን ነፍስ፣ ለኬንያ፣ በስደተኞች ካምፕ ውስጥ ላሉት፣ ወረቀት ለሚጠብቁት። አሜን እያልኩ እጄን ሳብ ሳደርግ መንፈስ የነካኝ መስሎት አጥብቆ ይይዘኛል። ደግሞ እስባለሁ፤ ደግሞ ያጠብቃል። መጨረሻ ላይ ዓይኔን ገለጥኩ።

ገመዱ ሥሩ ላይ ሦስት ጊዜ ጠብቆ ላላ። ቆመ። ደግሞ ሦስት ጊዜ። እኔ ሳላይ ስንት ጊዜ እንደዚያ እንዳለ አላውቅም።

እጄን መንጭቄ "ያን!" ብዬ ጮህኩ። ቋጠሮዬ ጠብቆ አልፈታ አለኝ፤ ከፊቱ ያለውን ገመድ ይዤ ጎተትኩ። ሁለቱም ከኋላዬ ያዙ። ያን እየዘለለ ወርዶ ደረሰ። ገመዱ አልንቀሳቀስ አለ፤ ከዚያ በድንገት ለቀቀና ሂሩት ወጣች። ገመዱ የሷ ወገብ ላይ ነበር። ግንባሯ አለቱ ገጭቶት ይደማል። እሷን ስታቀፍ ዓይኔ ጥቁሩ አፍ ላይ ነው፤ ጋሽ ደምሴ የለም። ሆላንዳዊው በኋላ ሲናገር አንድ ደቂቃ አይሞላም አለ። ለእኔ ዛሬም አላለቀም። ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ፣ አፉም ጀርባውም ላይ ምንም ሳይኖር፣ ከአፍንጫው ደም እየወረደ ወጣ።

ሳሩን ይዞ አሳለው። ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም፤ ሥሩን ነው። እየተንጠባጠበ ሄዶ፣ እግሩ ላይ ከታሰረው አፎት ቢላውን አውጥቶ፣ ቋጠሮዬን ቆርጦ ቁጥቋጦው ውስጥ ወረወረው። ሂሩት ፊቷን በፎጣ ይዛ ስለነበር አላየችም።

ወንድም ጌታሁን "ምን ሆናችሁ?" አለ።

"ቋጠሮዬ ነው" አለ ጋሽ ደምሴ። "ከወገቤ ተፈታብኝ። ጨለማ ውስጥ እሱን ስፈልግ ነው የዘገየነው።" ለያን በእንግሊዝኛ ደገመለት። ያን አፉን ከፈተ፤ ጋሽ ደምሴ ትክ ብሎ ሲያየው ዘጋው። ወንድም ጌታሁን እኔን አየና መሬት መሬት አየ። ሙቱዋ ዕቃ ለመጫን ሄደ። እኔ ዝም አልኩ።

እውነቱን ሂሩት ሳታውቀው ነገረችኝ። ሲመለሱ ገመዱን የሚሰበስብ ስላልነበረ ረግቦ ድንጋይ መሃል ተጠላለፈ። ደለሉ ተነሥቶ ምንም አይታይም። የትኛው ወገን መውጫ እንደሆነ ጠፋቸው። ጋሽ ደምሴ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ይስባል። የእሷ አየር እያለቀ ሲሄድ የራሱን ከጀርባው አውልቆ ሰጣት፤ ከዚያ በጨለማው አጭሩን ገመድ ለቆ፣ ረጅሙን ከራሱ ወገብ ፈትቶ በእሷ ወገብ ላይ አሰረ። እሷ የሚታወሳት ጣቶቹ ገመዱ ላይ ሲርመሰመሱ ነው። "የተፈታበትን እየፈለገ ነበር" አለችኝ። እኔ ግን ገባኝ። የባሕር ኃይል ጠላቂ፣ የመንገደኛ ዕቃ ሳይቀር ፈትቶ የሚያስር ሰው፣ ቋጠሮ ተፈታብኝ ብሎ በሰው ፊት ሲናገር ምን እንደሰጠ ገባኝ።

የሚቀጥለው እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰበሰቡን። በር ላይ ብቻ ይቆም የነበረ ሰው ያን ቀን ወደ ውስጥ ገባ።

"ወንድም ደምሴ፣ ገመዱ ከአንተ ወገብ ነው የተፈታው?"

"አዎ።"

"መጠጥ ቀምሰህ ነበር?"

"አልቀመስኩም።"

"እህት አስካለ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ተነሣሁ። ሂሩት ግንባሯ ላይ ፋሻ አድርጋ አጠገቤ ናት። አፌን ከፈትኩ። "ልጄን በሕይወት ስለመለሰልኝ ጌታ ይመስገን" አልኩ። አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ። ከዚያ ሁሉ አሜን በኋላ ሌላ ቃል መጨመር አቃተኝና ተቀመጥኩ። ወንድም ጌታሁን ከፊት ወንበር ላይ ነበር። እሱም አልጨመረም።

ከእንግዲህ ልጆች እንዳያስተምር ተባለ። ወሬው ጊጊሪ ለመድረስ ሦስት ቀን አልፈጀበትም፤ የአበሻ ሠራተኛና ዘበኛ የሌለበት ግቢ የለም። "ልጅ ሊያሰጥም ነበር እኮ።" ገንዳዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉበት። እናቶች በር ላይ ሲያዩት የልጃቸውን እጅ ይዘው በወዲያኛው በኩል ማለፍ ጀመሩ። ከሁሉ የከፋችው ሂሩት ነበረች። መንገድ ላይ ሲያጋጥማት ትሻገራለች።

"ሰላም በይው እንጂ" አልኳት።

"ማሚ፣ ዋን ቲንግ! አንድ ነገር ነው ማወቅ የነበረበት፣ ማሰር! ሌላ ምን አደረግሁት? እሱን አምኜ ነው የገባሁት!"

ይህን እየሰማሁ የታጠበ ልብስ አጣጠፍኩ። ያን ጊዜ ያፈንኩት ነገር ዛሬም ደረቴ ላይ አለ።

የመጨረሻ ቀን ጓሮዬ መጣ። ልብስ የተሰጣበትን ገመድ በጣቱ መታ መታ አደረገው። እኔ እንደ እሳት ተነሣሁበት።

"ለምን ዋሸህ? ማን ለመነህ?"

"ማንም።"

"ገመዱን የለቀቅሁት እኔ ነኝ!"

"አውቃለሁ። የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም?" ጎንበስ ብሎ የጫማዬን ማሰሪያ አየና ተወው። "ስሚ አስካለ። ሂሩት የዋና አስተማሪ ሌላ ታገኛለች። እናት ግን ከየት ታመጣለች?"

"እነግራታለሁ።"

"ስትችዪ ንገሪያት። እኔም ጥፋት አለብኝ፤ አንድ ሰው ላይ ብቻ መጣል አልነበረብኝም። ባሕር ያለበት ልሄድ ነው።"

ገመዱን በትከሻው አድርጎ ወጣ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው።

ስትችዪ! ምን ዓይነት ቃል ነው? ነገ ቢለኝ ነገ እነግራት ነበር። እሑድ ቢለኝ እሑድ። ያ ቃል ቀን የለውም፤ እኔም በዚያ ተደብቄ ዓመታት አሳለፍኩ። አንዳንድ ቀን ከራሴ ይልቅ በእሱ እናደዳለሁ። ሳልጠይቀው ጥፋቴን ተሸክሞብኝ ሄደ። የተሸከመልኝን ሰው እንዴት አድርጌ ላገኘው ነው?

ሂሩት ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። በቅርቡ የትልቋ ልጇ ትምህርት ቤት ዋና ሊያስተምር ፈርሙ ብሎ ወረቀት ላከ። ልጅቷ እያለቀሰች ነው። ሂሩት "ኖ ማለት ኖ ነው። የዋና አስተማሪ ምን እንደሆነ አውቃለሁ" አለች። ያኔ አልቻልኩም። ኩሽናዋ ውስጥ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጸሎቱን፣ የሾላውን ሥር፣ ቢላውን።

አልጮኸችም። በረንዳ ላይ ወጥታ ቆመች። ከጣሪያው በላይ አውሮፕላን እየወረደ ስለነበር የተናገረችው መጀመሪያ አልተሰማኝም። ደገመችው። "ማሚ፣ ሰላምታ እንኳ ነው የነሳሁት።"

ሦስት ሳምንት አልደወለችልኝም። በአራተኛው አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። "ጻፊው" አለችኝ። "እኔ አልጽፍልሽም። በራስሽ እጅ። እሱን ያማ የነበረ ሰው ሁሉ ያንብበው።" የልጇን ወረቀት እንደፈረመች የነገረችኝ በር ላይ ሆና ነው።

ፓስተር ጌታሁን ዘንድም ሄጃለሁ። "እህቴ፣ ያለፈ ነገር ነው፤ ጌታ ይቅር ብሏል" አለኝ።

"ጌታ ይቅር ብሎ ይሆናል። ጋሽ ደምሴን ግን ማን ጠየቀው?"

ሰዓቱን አየ። ስብሰባ አለብኝ አለኝ።

የኪሌሌሽዋው ግቢ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። ሊያፈርሱ የመጡ ዕለት የልብስ ማስጫውን ገመድ ከአቮካዶው ላይ በገጀራ ቆርጬ፣ ቋጠሮውን ከነጫፉ አመጣሁት። ያን ሁሉ ዝናብና እርጥብ አንሶላ ተሸክሞ አንድ ቀንም አልወደቀም። ሳጥኔ ውስጥ አለ። አንዱን ጫፍ ብስበው እንደሚከፈት አውቃለሁ። መልሼ ማሰር ስለማልችል አልነካውም።

ጋሽ ደምሴ ረጅም፣ ጠይም ነው። ግራ ጆሮው በደንብ አይሰማም። ውሃ ሳይቀምስ አይገባም፤ የሰው ዕቃ ሲያይ ፈትቶ እንደገና ያስራል። አሁን በዕድሜ ገፍቷል። ሞምባሳም ሆነ ሌላ ቦታ ያያችሁት፣ ያለበትን የምታውቁ፣ ሞቶም ከሆነ የተቀበረበትን የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ኪሌሌሽዋ ከአበሻው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አስካለ ብትሉ ያሳዩአችኋል። እሑድ እሑድ እሱ ይቆምበት ከነበረው ቦታ ነው የምቆመው።